ገና ያልደረሰ የልብ ምት

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት የሟርት ወሬ ሲወራ ሳቄን በእጄ የምሸፍን ሰው ነበርኩ፣ ስታትስቲክስ የተማረ ሰው ከቁጥር ውጭ ምን ያምናል?

ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ትንሽ ቢሮ ከባልደረባዬ ከሌንሳ ጋር የቋንቋ ሞዴል፣ ያው ጽሑፍ አንብቦ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እንፈትናለን፤ በየሰዓቱ የተመዘገቡ ቁጥሮችንና ስለ ዕለቱ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ አብረን እንሰጠውና «ቁጥሩ እዚህ ጋ ለምን ወጣ?» እንለዋለን፣ ከተሳሳተ ጥያቄው ጥሩ ነው ይባላል። የሌንሳ ሁሌም ያሳስተዋል። የአርጆ ከተማን የዝናብ ቁጥር በፈረንጅ ሰዓት፣ ማስታወሻውን በእኛ ሰዓት አድርጋ ሰጠችው፣ የጠዋት ሦስት ሰዓቱን ዝናብ ሌሊት ውስጥ ሲፈልግ ዋለ፣ አለቃችን ኦቦ ገመቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። የእኔን ግን ያለ ችግር ይመልሰዋል።

«አንቺ፣ አዝነሽለት ነው እንዴ ጥያቄ የምታቀዪለት?» አለችኝ ሌንሳ፣ ሳቅኩ፣ ምን ልበል፣ ግን እመኑኝ፣ ውስጤ እርር አለ። ቋሚ ሠራተኛ የምትሆነው ከሁለታችን አንዷ ብቻ ነች፣ ውሳኔው ዓርብ ጠዋት ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄደው የእጅ ሰዓቴ የልብ ምትም ይቆጥራል፤ የዕለቱን ቁጥር አውርጄ፣ ስሜን አጥፍቼ፣ «ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ደረጃ ወጣች» የሚል የውሸት ማስታወሻ ጨምሬ ለሞዴሉ ላክሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ደረጃ አይደለም። አጠገቧ የምትቀናበት ሰው አለ። ዓርብ ጠዋት 8:40 ላይ ዜሮ የሚሆንበትን ምክንያት ግን ማስታወሻው አይናገርም።»

ዓርብ? ገና ሐሙስ ነው እኮ! ፋይሉን ከፈትኩት፣ የማታውም የሌሊቱም ቁጥር ተደርድሯል፣ ከዓርብ 8:40 በኋላ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። የፈረንጅና የእኛ ሰዓት ተቀላቅሎብኝ ይሆናል ብዬ ስድስት ሰዓት ቀነስኩ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆነ፣ አሁንም ዓርብ ነው።

ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ገልብጬ ቤት ገባሁ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ የጎረቤት ውሻ ማላዘን ጀመረ፣ ሰዓቱ እጄ ላይ ትር አለ፣ 97፣ ወረቀቱም 97። አንድ ሰዓት ላይ እናቴ በሩን በድንገት ገፋችው፣ 112፣ ወረቀቱም 112። ላሳስተው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ፣ እሱም ቀድሞ ተቆጥሯል።

ዜሮ ያለው ሰዓቱ ወልቆ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም አስቤዋለሁ፣ ግን ሲወልቅ ቦታውን ባዶ ይተዋል እንጂ ዜሮ አይጽፍም። ላወልቀው እጄን ዘረጋሁ፣ ያኔ ነው ሞዴሉ ዜሮ የሚሆነው የማን ልብ እንደሆነ አልተናገረም የሚለው ሐሳብ የመጣብኝ፣ እጄን መለስኩ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ስደርስ ሌንሳ በር ላይ ቆማለች።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? ኦቦ ገመቹ ደወሉልኝ፣ ቋሚዋ እኔ ነኝ!» ብላ አቀፈችኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት።

«በደረቁ? ስጦታስ?» አለች እየሳቀች።

ሰዓቱን አወለቅኩና እጇ ላይ አሰርኩላት።

«ውይ፣ አጠበቅሽው እኮ!»

«እንዳይወልቅብሽ ነው» አልኳት። ሰዓቱ 8:38 ይላል። ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ፣ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ፣ ሹፌሩን «ንዳው» አልኩት።