ቁጥር ሰማንያ አራት

የልጅቷ ሥራ ለእናቷ እንኳ ገብቷቸው አያውቅም። «ሰው ከማን ጋር እንደሚያወራ ትቆጥራለች» ይላሉ ለጎረቤት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እውነቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየሐሙሱ አውቶቡስ ጋራዥ ትሄድና ለሰማንያ ሦስቱም ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ብቻ ያለበት ወረቀት ታድላለች፦ በዚህ ሳምንት ረጅም ወሬ ያወራኸው ከማን ጋር ነው? መልሱ በስም ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የሠራተኞች ቁጥር ነው። ከዚያ ኮምፒውተሯ አንድ ሺህ የይምሰል ጋራዦች ይፈጥራል፤ ሠራተኞቹ እነዚያው ናቸው፣ ወዳጅነቱ ግን እሷ ባወጣችው ደንብ በዕጣ ነው። እውነተኛው ጋራዥ እነዚያን ከመሰለ፣ ሰው እንዴት እንደሚወዳጅ ገብቷታል ማለት ነው። ካልመሰለ መመረቂያ ጽሑፏ ገደል ገባ።

ከአንድ ሰው በቀር መሰለ።

ሁሉም «ሽቦ» የሚሉት የአውቶቡስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሺሁም ጋራዦች ሦስት አራት ወዳጅ አለው። በእውነተኛው አንድም የለውም። አምስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ወረቀት መለሰ።

በስድስተኛው ሐሙስ ግማሽ አካሉ ከአንድ አውቶቡስ መሪ ሥር ገብቶ አገኘችው።

«ለምንድን ነው የማትሞላው?»

«ጥያቄው ረጅም ወሬ ይላል። የእኔ ሁሉ አጭር ነው።»

«ከማንም ጋር?»

«ከባትሪ ጋር አወራለሁ። እሱ ደግሞ ቁጥር የለውም።»

ሳታስበው ሳቀች። ጠያቂ አይስቅም ተብላ ነበር የተማረችው። ከመሪው ሥር ወጥቶ አያት። ከዚያ ስለ ፊውዝ፣ ስለ እናቷ፣ ሽቦ ስለሚበሉ አይጦች ሲያወሩ የምሳ ሰዓት አለፈ። በሰባተኛውም ሐሙስ እንደዚያው።

በስምንተኛው ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። አንድ ወረቀት ላይ ሰማንያ አራት ተጽፏል፤ እንደዚያ የሚባል ሰው ደግሞ የለም። ወረቀቱን ይዛ ወደ ሽቦ ተመለሰች።

«ተሳስተሃል። ቁጥሩ ሰማንያ ሦስት ላይ ያልቃል።»

«አውቃለሁ። አንቺ ቁጥር ስላልነበረሽ ከመጨረሻው ቀጥዬ ሰጠሁሽ።»

ጆሮዋ ጋለ። «አጥኚ ከሚጠኑት መሃል አይገባም። ሰርዘው፤ ጥናቴን ታበላሽብኛለህ።»

«እኔን ለማስደሰት ብላችሁ አትጻፉ ብለሻል። እንዳልሽው አደረግሁ።»

ከጎማ ክፍል አንዱ ብቅ ብሎ «ሽቦ፣ ምነው ዛሬም ወሬው ረዘመሳ?» አለ።

እስክሪብቶዋን አወጣች። አንድ ጭረት ይበቃ ነበር። በዚያች ጭረት መመረቂያዋ ይተርፋል፤ እሱም ተመልሶ ባዶ ይሆናል። እስክሪብቶውን ከደነችው።

በማግስቱ መምህሯ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ብዙም አልደነቃቸውም።

«የእሱን መልስ በሙሉ ከጥናቱ አውጪው። የቀሩትን ሳምንታት መልስ ሌላ ተማሪ ይሰብስብልሽ። ሥራው ሁለት ወር ይጎተታል፣ ምን ይደረጋል።» መነፅራቸውን አወለቁ። «የኮምፒውተርሽ ሞዴል አንድ ሰው ቢጎድልበት ምንም አይሆንም። አንቺስ?»

ያልታደሉትን ወረቀቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ባዶ እጇን ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ዘበኛው ከእግር እስከ ራስ አያት።

«ወረቀቱን ሌላ ልጅ ይዞት ገብቷል። አንቺ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሽቦን ምሳ ልጋብዘው።»

«ኧረ ተገላገልን» አለ ዘበኛው በሩን እየከፈተ። «ከጠዋት ጀምሮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ይቆሽሻል ብሎ ምንም አልነካም። ሦስት አውቶቡስ ቆሞብናል።»