ከቀይ ነጠላ ጫማ የተቆረጠችው ማሸጊያ

ተረት ነው የሚል ካለ ይምጣና የቀኝ እጄን አንጓ ይንካ። ከነካ በኋላ እንከራከራለን።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከሐይቁ ጀርባ ባለው የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ውስጥ።

እኔ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ ነው ያወቅኩት። "ሴት ልጅ እዚህ ምን ቤት ናት?" የሚሉኝ ሁሉ ሞተራቸው የቆመ ዕለት "የኔ እናት" እያሉ ይመጣሉ።

የታናሽ ወንድሜ ሞተር በዕድሜ ሁለታችንንም ያስከነዳል። ውሃ ውስጥ የሚገባው የታችኛው ክፍል፣ ካምቢዮው፣ ጥርሶቹ አልቀው ያጓራል። መለዋወጫውን የሚሠራ ፋብሪካ ድሮ ተዘግቷል።

ዘይት እንዳያፈስ ከቀይ ነጠላ ጫማዬ ላስቲክ ቆርጬ ማሸጊያ አበጀሁለት። "ሌላ ካምቢዮ እስካገኝልህ ከዳር እንዳትርቅ" አልኩት።

"እሺ እትዬ" አለ።

እሺ ማለት መቼም አይከብደውም።

የግቢውን ባለቤት "አልጥልም" ነው የምንለው። የዛገ ምስማር እንኳ አይጥልም።

"ካምቢዮ ፈልጌ ነበር ጋሼ።"

"ለማን?"

"ለወንድሜ ሞተር።"

"ወንድምሽ ዋና ይችላል?"

"ካምቢዮ ነው የጠየቅኩዎት። አለዎት ወይስ የለዎትም?"

ሳቀ። ወደ ውስጥ ገባና አንድ ካምቢዮ ከነፕሮፔለሩ፣ ከነመቅዘፊያ ክንፉ፣ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ልክ የምፈልገው ዓይነት።

ግን... እርጥብ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ እጅ ይጠብሳል፤ እሱ ውሃ ያንጠባጥባል።

ብሎኖቹን ፈታሁ። ክዳኑን አነሳሁት።

ቀይ ላስቲክ...

አንደኛው ቀዳዳ ጠማማ ነው። መቀሱ አዳልጦኝ እኔው ያጣመምኩት።

"ከየት አመጡት?"

"ባለቤቱ አሁን ጥሎት ሄደ" አለ አልጥልም፣ ጥርሱን እየጎረጎረ። "ውሃ በውሃ ሆኖ። እትዬ ስትመጣ ስጣት አለኝ።"

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አነሳ። ከጀርባው ሞተሩ ይንደቀደቃል።

"የት ነህ?"

"መሀል ነኝ... አትቆጪ እትዬ። እንደ አዲስ ነው የሚሄደው።"

"ተመለስ። አሁኑኑ።"

"ቆይ፣ ሣር ያዘው መሰለኝ። እጄን ልስደድና ላውጣው።"

"መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ።"

"ኧረ አንዴ ነው..."

ጠረጴዛው ላይ ያለው ፕሮፔለር መዞር ጀመረ።

ምንም ሳይነካው። በዝግታ... ከዚያ በፍጥነት።

የወንድሜ ጣቶች ታዩኝ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ ወረወርኩና ፕሮፔለሩን በሁለት እጄ ጨመደድኩት። መዳፌን ሸረከተው። አልለቀቅኩም።

ቆመ።

"ጎበዝ" አለ አልጥልም ጆሮዬ ሥር። "አጥብቀሽ ያዢ። አንቺ አይደለሽ ሁሉን አዋቂ?"

ከዚያ...

"እትዬ... ሣር አይደለም።"

"ምንድን ነው?"

"እጅ ነው።" ያንሾካሽካል። "ከታች ሁለት እጅ ይዞታል። ግሪስ በግሪስ የሆነ... እየደማ ነው።"

የራሴን እጆች አየሁ።

ብለቀው ጣቶቹን ይበላዋል። ብይዘው...

"እኔ ነኝ" አልኩት። "እኔ ነኝ የያዝኩት። እጅህን አውጣ።"



"ድምፅሽ ከውሃው ውስጥ ነው የሚመጣው" አለኝ። "እትዬ... ከታች ነሽ እንዴ? አይዞሽ፣ መጣሁልሽ።"

ውሃው ሲፈናጠር ሰማሁ።

ወዲያው የማላያቸው ጣቶች የቀኝ እጄን አንጓ ያዙ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ...

አልጥልም ስልኬን አንስቶ ዘጋው። "አሁን መልቀቅ ትችያለሽ" አለኝ።

ለቀቅኩ።

ወንድሜ ግን አልለቀቀኝም።

ጀልባዋ ባዶዋን ተገኘች። ሞተሩ ከወገቡ በታች የለም።

ይሄን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው። ቀኙ በፎጣ ተጠቅልሏል። ፎጣውን አሁን ነው የቀየርኩት፤ አሁንም ያንጠባጥባል።

የደንበኛ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር... ጣቶቹ አንጓዬ ላይ ጠበቅ ይላሉ።