ሆም ማለት ቤት ነው

«ሚልካ! እጅሽን ጥረጊና ነይ! ወንድምሽ ያለበት ሆቴል ቲክቶክ ላይ ወጥቷል!»

ሚልካ እጇ እስከ ክርኗ ሻምፑ ነበር። እናቷ ዘርፉ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ማበጠሪያ ይዛ ፀጉር ቤቱ መሃል ቆማለች። የአዳማ የከሰዓት ሙቀት ያለ ማድረቂያም ፀጉር ያደርቃል፤ እትዬ ጉዲቱ ግን «የከፈልኩበትን ሙቀት ነው የምፈልገው» ብለው፣ ፀጉራቸውን በቢጉዲን አስጠቅልለው ከማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል።

«ምን አለች? ምን ወጣ?» ብለው ጮኹ። ካስክ ሥር የገባ ሰው ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋል።

ቪዲዮው ላይ በቀይ ፊደል «ሰበር ዜና! እንግሊዝ በስደተኞች ምክንያት ተናወጠች!» ተብሎ ተጽፏል። የቻናሉ ባለቤት በሳምንት አንድ አገር ሳያናውጥ የሚያድር ሰው አይደለም። ከጽሑፉ ጀርባ ሙዚቃ አለ፤ ከሙዚቃው ጀርባ ደግሞ ብዙ ሕዝብ አንድ ሕንፃ ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ይጮኻል። ዘርፉ ሕንፃውን የለየችው በአረንጓዴ በሩ ነው። አዶኒያስ ከአስራ አራት ወር በፊት፣ እንግሊዝ እንደገባ፣ መነጽር አድርጎ እዚያው በር ላይ የተነሳው ፎቶ መስታወቱ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ደንበኛ ሁሉ ፀጉሩን ከማየቱ በፊት አዶኒያስን ያያል።

«ባንዲራውን እዩልኝ! ነጭ ላይ ቀይ መስቀል!» አለች ዘርፉ። «ቀይ መስቀል ነው! ቀይ መስቀል በሙሉ ወጥቶላቸዋል!»

«ያ ዋቃዮ!» እትዬ ጉዲቱ አንገታቸውን ከካስኩ ሥር እንደ ኤሊ አወጡ። «ለአንድ አዶኒያስ ይሄ ሁሉ ቀይ መስቀል!»

ሚልካ ባንዲራውን ታውቀዋለች። አዶኒያስ ቤት ሳለ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በተጫወተ ቁጥር ቴሌቪዥኑን የሚሞላው ያ ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ኳስ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን አልነበረም። ሕዝቡ ደግሞ ይጮኻል፤ ሦስት ቃል ብቻ፣ ደጋግሞ።

«ሰንድ ዜም ሆም! ሰንድ ዜም ሆም!»

«ሆም አሉ!» አሉ እትዬ ጉዲቱ። «ሆም ቤት ነው አይደል፣ ሚልኪ?»

«አዎ... ቤት ነው።»

«ቤት ምን?»

ሁሉም ዞረው አዩአት። እግሯን የምታሠራው ሴትዮ፣ ጥፍር የምትቀባው ልጅ፣ ከሁሉም በላይ እናቷ። አዶኒያስ ሊቢያ በቆየባቸው ስምንት ወራት ዘርፉ የሰው ፀጉር እየሠራች የራሷን ማበጠር ትታ ነበር። አሁን ያቺው ሴት ጉንጯ ቀልቶ፣ የሃያ ዓመት ወጣት መስላ፣ ከልጇ አፍ አንድ ቃል ትጠብቃለች።

«ቤት...» አለች ሚልካ። «ቤት ይሰጣቸው ነው የሚሉት።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ቻናሉ ለአንድ ጊዜ እውነቱን የተናገረ መሰለ፤ የተናወጠችው ግን የዘርፉ ፀጉር ቤት ናት።

«አይ የሰው አገር ሰው!» አሉ እትዬ ጉዲቱ እልልታው ሲበርድ። «እኔ ለኮንዶሚኒየም ስመዘገብ ልጄ ዳዊ ጥርስ አላወጣም። ይኸው ዛሬ ጺሙን ይላጫል። ለእኛ ማን ሰልፍ ይውጣልን?» ብለው ወደ ካስካቸው ተመለሱ።

ወሬው ከፀጉር ቤቱ ሲወጣ አንድ ክፍል ቤት ነበር። ባጃጅ ተራው ጋ ሲደርስ ባለ ሁለት መኝታ ሆነ። እሁድ ዘርፉ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥታ ምስክርነት ስትሰጥ ቤቱ ሳሎንና በረንዳ ነበረው፤ ጉባኤው «ሃሌሉያ!» አለ። ሚልካ አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ክር ፈታች፤ መልሳ አሰረች፤ እንደገና ፈታች።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዋናውን ቪዲዮ ፈልጋ አገኘችው፤ ሙዚቃም ቀይ ፊደልም የሌለበትን። እዚያ ውስጥ አንዲት የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ለጋዜጠኛ ትናገራለች። ልጇ የመንግሥት ቤት ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ተራ ጠብቃለች። «ማንም አልጠየቀንም» ትላለች ሴትዮዋ። «መንግሥት ሆቴሉን ለስደተኞች ሲከራይ የሰማነው ካለቀ በኋላ ነው። እናንተም ካሜራችሁን ይዛችሁ የምትመጡት ስንጮኽ ብቻ ነው።» ሚልካ ሦስት ጊዜ ሰማቻት። ፀጉሯ በቢጉዲን ቢጠቀለል እትዬ ጉዲቱን ትሆናለች። ከኋላዋ ግን ሕዝቡ ያንኑ ሦስት ቃል፣ ‹ወደ ቤታቸው መልሷቸው!› እያለ ይጮኻል፤ አንዱ ደግሞ ወደ መስኮቱ ጠርሙስ ወረወረ።

ፎጣ የሚሰጣበት ጓሮ ሄዳ ደወለች።

«አይተሽዋል ማለት ነው» አለ አዶኒያስ። ሰላም እንኳ አላላትም።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። መጋረጃ ዝጉ ተብለን ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ ነን እንጂ ደህና ነኝ። ሆቴል ስሙ ነው፣ ሚልኪ። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ነን። ወረቀት እስኪመጣ ሥራ መሥራት ክልክል ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ አይመጣም። ባለፈው አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ ‹ቁርስ ምን በላህ?› አለኝ። እንቁላል አልኩት። በነጋታው እንቁላሌ ጋዜጣ ላይ ወጣ! እኔ እንኳ አልወጣሁም፣ እንቁላሉ ነው የወጣው። ለምን መጣህ ብሎ ግን አልጠየቀኝም።»

ሚልካ መሳቅ ፈልጋ አቃታት። «ያቺ ካፖርት የለበሰችው ሴትዮስ?»

«አውቃታለሁ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንገናኝ ስለ ዝናብ እናወራለን። ‹አንተን አይደለም፣ መንግሥትን ነው› አለችኝ። እሺ፣ ይሁን። ግን መንግሥት እዚህ ሆቴል ውስጥ አያድርም። ጠርሙሱ የመጣው እኛ መስኮት ላይ ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ቃል ግቢልኝ።»

«አዶኒ፣ እኔ እኮ...»

«ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ። ቃል ገባሁ።»

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የእትዬ ጉዲቱ ልጅ ዳዊ ባጃጁን አጠገቧ አቆመ። የአዶኒያስ የልብ ጓደኛ ነው፤ ሚልካን ባጃጅ መንዳት ከጀመረ አንስቶ በነፃ ነው የሚጭናት።

«ግቢ፣ የእንግሊዝ አምባሳደር!» አለ። ጥቂት እንደሄዱ በመስታወቱ አያት። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እዚሁ ይቅር። ሐሙስ ላሽ ልል ነው።»

«ወዴት?»

«ወዴት ትላለች እንዴ! ጀለሴ ጋ ነዋ!»

«በየት በኩል?»

«እሱ በሄደበት። በሊቢያ።»

«ዳዊ፣ በረሃውስ? አዶኒ ስምንት ወር ሙሉ...»

«በረሃው ስምንት ወር ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሃያ ዓመት። ሒሳብ አትችይም?» ሳቀ፤ ግን መሪውን የያዘ እጁ አልሳቀም። «ባጃጇን የሚገዛ ሰው ከሞጆ አግኝቻለሁ። ነገ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስዳታል። እናቴ አታውቅም። ስደርስ ከዚያ አረንጓዴ በር ፊት ፎቶ ተነስቼ እልክላታለሁ።»

«ያ ባንዲራ እኮ ቀይ መስቀል አይደለም።»

«አውቃለሁ! ፋራ አደረግሽኝ እንዴ? ኳስ አላይም? የእንግሊዝ ባንዲራ ነው።» ትከሻውን ሰበቀ። «አንቺ ግን ‹ቤት ይሰጣቸው› ነው የሚሉት ብለሻል። በእንግሊዝኛ ከክፍልሽ አንደኛ። እውነቱን ልንገርሽ? ደላላው ሲለፈልፍ አንዱንም አላመንኩትም። አንቺን ግን አመንኩሽ።»

«ዳዊ፣ እንደዚያ አላሉም።»

«ምን?»

«ቤት ይሰጣቸው አላሉም። ዋሽቼ ነው።»

ባጃጁ ጥግ ያዘ። ዳዊ ዞሮ ትክ ብሎ አያትና ፊቱ ቀስ እያለ ተዘጋ።

«አሃ። የእናንተ ሰው ገብቶ አለቀ፤ አሁን በሩን ከኋላው ልትዘጉ። አዶኒ ነው እንዲህ በያቸው ያለሽ?»

«አይደለም! እግዚአብሔርን...»

«እናትሽ መድረክ ላይ ወጥታ መስክራለች፣ ሚልኪ። ማንን ልመን፣ እሷን ወይስ አንቺን?» ሞተሩን አስነሳ። ቤቷ ድረስ በመስታወቱ አንዴም ሳያያት ነዳ። ስትወርድ ግን፣ እንደ ልማዱ፣ «ይመችሽ» አላት። ከወቀሳው ይልቅ ያ ቃል ነው የቆረቆራት።

ረቡዕ እትዬ ጉዲቱ ለዘመድ ሰርግ ሊሠሩ ፀጉር ቤት መጡ። ያመጣቸው ዳዊ ነው፤ ጨርሰው እስኪወጡ ከደጅ ባጃጁን እየወለወለ ይጠብቃል። ሚልካ በመስኮቱ ታየዋለች። የፊቱን መስታወት ወለወለ፤ መብራቱን ወለወለ፤ ከዚያ የጠራውን መስታወት እንደገና ወለወለ። ከዛሬ ወዲያ የእሱ ለማትሆን ባጃጅ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ተኩል ይላል።

«ዘርፌ፣ ልጅሽ ቤቱን ተረከበ?» ብለው እትዬ ጉዲቱ ከካስኩ ሥር ጮኹ።

«በቅርቡ ነው! ጌታ የጀመረውን ይጨርሳል!» ብላ መለሰች ዘርፉ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ጥግ፣ ወደ ፎቶው ዞራ፣ ማበጠሪያዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘች። ለእሱ ብቻ ፈገግ አለች።

ሚልካ ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦ «አዶኒ፣ ቃሌን ላፈርስ ነው። ዳዊ በሊቢያ ሊመጣ ነው። ይቅርታ።» መልእክቱ ሄደ። እንዳነበበው አየች። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ እንደገና ብቅ አለ፤ ጠፋ። ሚልካ ሦስተኛውን አልጠበቀችም። በሩን ከፈተች።

«ዳዊ፣ ግባ።»

«የሴቶች ፀጉር ቤት?»

«ግባ አልኩህ!»

ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ነበር። ዳዊ ጨርቁን እየጠመዘዘ ገብቶ በሩ ሥር ቆመ። ጥፍር የምትቀባው ልጅ ብሩሿን አየር ላይ አንጠልጥላ ቀረች። ሚልካ አልፋ ሄዳ ካስኩን ከሶኬቱ ነቀለችው። ጩኸቱ ቀስ እያለ ሞተ።

«ኧረ ልጄ፣ ገና እርጥብ ነው!» አሉ እትዬ ጉዲቱ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። እንዲሰሙኝ ብዬ ነው።»

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል?» አለች ዘርፉ። የእናቷ ፊት አሁንም ያ የሃያ ዓመት ፊት ነው። ሚልካ ደህና አድርጋ አየችው፤ እንደ ፎቶ።

ስልኳን አውጥታ ዋናውን ቪዲዮ፣ ሙዚቃ የሌለበትን፣ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ባንዲራዎቹ ተውለበለቡ። ሕዝቡ ጮኸ፦ ሰንድ ዜም ሆም፣ ሰንድ ዜም ሆም።

«ይኸው!» አለች ዘርፉ፣ ከልማድ ፈገግ ብላ። «ሆም...»

ሚልካ ቪዲዮውን አቆመችው። ዳዊ በሩ ሥር ጨርቁን መጠምዘዝ ትቷል።

«ሆም ማለት ቤት ነው፣ እማዬ። እሱን አልዋሸሁም» አለች። «ሰንድ ማለት ግን... መስጠት ማለት አይደለም።»