የቤተሰብ ብዛት፦ ሁለት

ሙጫው ይገማል። ትናንት በዱቄትና በውኃ ተፈልቶ፣ በጣሳ አድሮ፣ ፊቱ ላይ ቆዳ ያወጣ ሙጫ ነው። አንድ ጣሳ ለአራት ተማሪ ደርሷል። ምላጭ ብሩሹን በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ ስታወጣው ዝልግልጉ ተስቦ እጅጌዋ ላይ አረፈ።

«ኤጭ!»

«ከገጽ ስልሳ ሁለት እስከ ሰባ ሦስት አጣብቁ» አለ የታሪክ አስተማሪው፣ በወንበሮቹ መካከል እየተንጎራደደ። «ዳር ዳሩን ብቻ እንዳትቀቡ፤ መሐሉንም። እየዞርኩ በጥፍሬ አያለሁ።»

ተማሪዎቹ ጋሽ ካርታ ይሉታል፤ የተጠቀለለ የዓለም ካርታ ብብቱ ሥር ሳይኖር ታይቶ ስለማያውቅ። ለምላጭ ግን የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። እሷን ምላጭ ያሏት በምላሷ ነው። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ጥጥ ትባላለች። ለስላሳ ሆና አይደለም፤ ድምፅ ሳታሰማ የማትገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ነው።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የተጣበቀው ፈተና ላይ ይመጣል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ካርታ አልሳቀም።

«የተጣበቀ ነገር አይመጣም» አለ። «ምክንያቱም አልነበረም።»

ምላጭ ሙጫውን ከመቀባቷ በፊት ገጽ ስልሳ ሁለትን አንድ ጊዜ አየችው። ዓምና በቃሏ አጥንታዋለች። ታላቁ ጦርነት ሲያበቃ ሁለት ኃያላን ብቻ ቆመው ቀሩ፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። ፊት ለፊት ቢተኳኮሱ ሁለቱም አመድ ስለሚሆኑ በሌላው አገር በኩል መጋፋት ጀመሩ። ለአንዱ ስንዴ፣ ለሌላው ታንክ፣ ለሌላው ሐኪምና ግድብ እየሰጡ ወዳጅ ሰበሰቡ። አገራችን ምሥራቅን መረጠች ይላል መጽሐፉ፤ ሥሩ የሆስፒታሉ ፎቶ አለ።

ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሬዲዮው አገራችን ምዕራብን መረጠች አለ። ምሥራቅ ለካ መርከቦቹን የሚያቆምበት ወደብ ፈልጎ ነው ሲወዳጀን የኖረው። ምዕራብ ምን ፈልጎ እንደሆነ ሬዲዮው አልተናገረም። የሆስፒታሉ ሐኪሞች በአሥራ አምስት ቀን ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። የራጅ መሣሪያው ቀረ፤ የሚያስነሳው ሰው ግን አብሯቸው ሄደ።

ያም ሆኖ ምላጭን እንደ አጎቷ ያቅለሸለሻት ነገር አልነበረም። ዓምና እዚሁ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ምሥራቅ የክፉ ቀን ወዳጃችን ነው» ብሎ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ባለፈው ሳምንት እዚያው ቦታ፣ ያንኑ እጁን እዚያው ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ምዕራብ የክፉ ቀን ወዳጃችን ነው» አለ። እንባው እንኳን ከዚያው ዓይን ነው የመጣው፤ ከግራው።

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» አለች ጥጥ በሹክሹክታ፣ ገጾቿን በክርኗ እየተጫነች።

«ሣሩ ግን አያጨበጭብም» አለች ምላጭ።

ደወል ሲደወል ጋሽ ካርታ በጣቱ ጠቀሳት።

የመምህራን ክፍሉ ባዶ ነበር። አጎቷ በሩን ዘጋ፤ መዘጋቱንም እጀታውን ይዞ አረጋገጠ። ከዚያ ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«በይ እንግዲህ፣ ምላስሽን ለአሥር ደቂቃ አሳርፊውና ስሚኝ። የምዕራቡ ልዑካን ነገ ይመጣሉ። ከዚህ ትምህርት ቤት ሦስት ተማሪ ይወስዳሉ። ሦስት ዓመት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። በሒሳብ ከሁሉም አንደኛ ያለሽው አንቺ ነሽ። ነገ ሦስት ሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሮ ቃለ መጠይቅ አለ። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ተጠባባቂዋ ትገባለች።»

«ተጠባባቂዋ ማን ናት?»

«ጓደኛሽ።»

ምላጭ ቅጹን ተቀበለች። ስም፣ ዕድሜ፣ የአባት ስም፣ በሕይወት አለ ወይስ የለም፤ «የለም» ብላ ሞላች። እጇ ሳይታወቃት ፈጠነ። ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራ፣ የራሷ አልጋ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቆመች። *በምሥራቁ ጎራ አገሮች የሚኖር የቤተሰብ አባል አለ? ካለ ስም፣ ዝምድናና አድራሻ ይገለጽ።*

«ጋሼ፣ ዘጠነኛው።»

«አይቼዋለሁ። የለም ብለሽ ጻፊ።»

«ወንድሜስ?»

ወንድሟ ምሥራቅ ሕክምና ሲማር አራት ዓመቱ ነው። ሬዲዮው ባወጀ በሳምንቱ በዚያ ያሉ ተማሪዎች ሁሉ እንዲመለሱ ታዘዘ፤ ያልተመለሰ እንደ ከሃዲ ይቆጠራል ተባለ። አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ስለሆነ እሱ አልተመለሰም። የመጨረሻ ደብዳቤው የደረሳቸው ግማሹ በጥቁር ቀለም ተደልዞ ነው። ካልተደለዘው ውስጥ የእጅ አጥንቶች ሥዕል ነበር፣ ሃያ ሰባቱም ከነስማቸው፤ ሥሩ «ምላጭ፣ እስክመጣ አጥንተሽ ጠብቂኝ» ይላል። አጥንታቸዋለች።

አጎቷ ሁለተኛ ወረቀት አወጣ። የቤተሰብ መዝገብ ግልባጭ ነው፤ ማኅተሙ ገና አዲስ ነው። *የቤተሰብ ብዛት፦ ሁለት።* እናት። አንዲት ሴት ልጅ።

«ማዘጋጃ ቤት አንድ ወዳጅ አለኝ» አለ፣ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት። «ማንም ቢያጣራ ይኸንኑ ነው የሚያገኘው። እኛ ቤት ወንድ ልጅ አልተወለደም።»

«የእኛ ቤት ወንድ ልጅ ነው ብስክሌት ያስተማረህ፣ ጋሼ! ወድቀህ እጅህን ስትሰበር ተሸክሞ ሐኪም ቤት የወሰደህ ማን ነው? የምሥራቅ ሐኪም ነው የጠገነልህ!»

«ቀስ በይ! ግድግዳ ጆሮ አለው» አለና በሩን ዞር ብሎ አየ። «እኔ የማደርገውን የማላውቅ ይመስልሻል? ጎርፍ ሲመጣ የቆመ ይወሰዳል፣ የተኛ ይተርፋል። እኔ ተኛሁ፤ ሥራዬን ያዝኩ። አንቺን ደግሞ ከጎርፉ ላወጣሽ ነው። አመሰግናለሁ ማለት ነው ያለብሽ።»

ምላጭ ከወረቀቱ ግርጌ ያለችውን ትንሽ፣ የተንጋደደች ፊርማ እያየች ነበር። የእናቷ ናት። ሁለቱንም ወረቀት አጥፋ ይዛ ወጣች።

እናቷ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ድርጅት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ሠላሳ የስፌት መኪና በአንድ አዳራሽ ሲንጫጫ ሰው ለሰው የሚሰማማው በጩኸት ነው። ለነገው አቀባበል ሦስት ሺህ የእጅ ባንዲራ ታዟል። ጨርቅ አልበቃ ብሎ የዓምናዎቹ የምሥራቅ ባንዲራዎች ከመጋዘን ወጥተው እየተተረተሩ ነው። ቀዩ ጨርቅ ታጥቦ ለአዲሶቹ ይሆናል። እናቷ ጉልበቷ ላይ ክምር ይዛ በመቀስ ጫፍ ስፌት ትፈታለች፤ ከንፈሯ ላይ የተበጠሰ ክር ተለጥፏል።

«እማ፣ እኛ ስንት ነን?»

የእናቷ እጅ ቆመ። «አጎትሽ ነገረሽ?»

«ወረቀቱ ነገረኝ። ፊርማሽ አለበት።»

«ወረቀት ነው» አለች እናቷ፣ ወደ ክምሩ ተመልሳ። «ወረቀት ልጅ አይወልድም፣ ልጅ አይገድልም።»

«እንግዲያው ስትፈርሚ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ይኸንን ፊትሽን ታመጪዋለሻ!»

ጎን ያለችው ሰፊ ሳቀች። «የአባቷ ፊት ነው፤ ሎሚ እንደ መጠጠ» አለች። እናቷ ግን አልሳቀችም። ክምሩን አስቀምጣ ምላጭን በክንዷ ይዛ የጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ወሰደቻት።

«ስሚኝ፣ ልጄ። አንዱ ልጄ እጄ የማይደርስበት ቀርቷል። ምን አጠፋ? የጀመረውን ልጨርስ አለ። በእሱ ምክንያት አንቺ ደግሞ እዚህ ከእኔ ጋር ትቀመጪ? እነሱ በተጣሉና በታረቁ ቁጥር ባንዲራ ስትሰፊ፣ ባንዲራ ስትተረትሪ ታርጂ?»

«ሲመለስስ? በሩን ሲያንኳኳ ማን ነህ ልንለው ነው?»

«ሲመለስ ያኔ ይታያል።»

«በምን ወረቀት ነው የሚመለሰው? አገሩ ማን ነህ ቢለው ምን ያሳያል?»

እናቷ ከንፈሯ ላይ የነበረውን ክር ለቅማ ጣለች።

«ፈርመሽ ስትወጪ ምን አደረግሽ?» አለች ምላጭ።

«ምን አደርጋለሁ? እጄን ታጠብኩ። ቀለም ነክቶኝ ነበር።» ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች። «ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ምላጭ ስትነሣ ዩኒፎርሟ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል፤ እናቷ ቀድማ ወደ ሥራ ሄዳለች። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስምንቱ ጥያቄዎች ተሞልተዋል፣ ዘጠነኛው ባዶ ነው። እውነቱን ጽፋ ብታስገባ የእናቷ ፊርማ ሐሰት ሆኖ ይያዛል። ውሸቱን ብትጽፍ ወንድሟን የሚሰርዘው ሦስተኛው ሰው እሷ ትሆናለች። ሁለቱንም እያሰበች ሳለ አፏ ውስጥ ያ የሙጫ ሽታ ጣዕም ሆኖ መጣባት። ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከመዝገቡ ግልባጭ ጋር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባንዲራ እየታደለ ነው። ጥጥ ሁለት ይዛ ቆማለች።

«ያዢ፣ ያንቺን ተቀብዬልሻለሁ።»

«ያንቺም የእኔም ይሁኑልሽ። ቃለ መጠይቁም።»

«ምን?»

«አልገባም። ተጠባባቂዋ አንቺ ነሽ።»

ጥጥ አፏን ከፍታ አየቻት። «አብደሻል? ስለ ወንድምሽ ነው፣ አይደል? አንድ መስመር እኮ ናት! እኔ ብሆን ሰርዢ ካሉኝ አያቴን ከነምርኩዟ እሰርዛት ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አንቺ የምትሄጂው።»

የጥጥ ፊት ቀላ። «እየሰደብሽኝ ነው?»

ምላጭ አሰበችበት። «ምናልባት» አለች። «ግን ከልቤ ነው፣ ሂጂ። ሒሳብ ትችያለሽ፤ ደግሞ የምትሰርዢው ሰው የለሽም። መጀመሪያ ግን በልብስ ስፌቱ በኩል እለፊና ለእማ የት እንዳለሁ ንገሪያት። ማዘጋጃ ቤት፣ የመዝገብ ክፍል። ሌላ ምንም አትበያት።»

የመዝገብ ክፍሉ ረጅም ኮሪደር፣ አንድ መስኮትና ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ከመስኮቱ ኋላ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ተራዋ ሲደርስ ቀና ብለው ሳያዩ ጠየቁ።

«ምዝገባ ነው ስረዛ?»

«ምዝገባ።»

«የተወለደው መቼ ነው?»

«ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። «ሃያ ሦስት ዓመት አርግዛችሁት ነው በይኛ!»

ምላጭ ግልባጩን በመስኮቱ ሥር አሳለፈች። ሴትዮዋ ከኋላቸው ትልቁን መዝገብ አውርደው፣ ጣታቸውን በምራቅ እያረጠቡ ገለጡ። ገጹን ሲያገኙ ቆዩበት። የወንድሟ ስም ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀይ መስመር አለ። ምን ያህል ቀጥ ያለ፣ ምን ያህል ንጹሕ ሥራ ነው! ምላጭ ከሙጫውም፣ ከባንዲራውም፣ ከአጎቷ የግራ ዓይን እንባም ይልቅ ያ ማስመሪያ አስጠላት። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ እጁን አስተካክሎ፣ እንዳይጣመምበት ተጠንቅቆ ነው ያሰመረው።

«ይኼን ልትመልሺ ነው?» አሉ ሴትዮዋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ።»

«የት እንዳለ አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ኮሪደሩ አየት አድርገው መዝገቡን ገርበብ አደረጉት። «ስሚ፣ የእኔ ልጅ። ሦስት ወር ሙሉ ወደዚህ መስኮት የሚመጣው ሰው የሚመጣው ሊያስፍቅ ነው። ወንድሙን፣ እህቱን፣ ባሏን። መልሱልኝ ብሎ በገዛ እግሩ የመጣ አላየሁም። እንዲህ ያለው ነገር ነገ ምን እንደሚያመጣ እኔ አላውቅልሽም።»

«እኔም አላውቅም» አለች ምላጭ። «ግን ይመልሱልኝ።»

«በአንቺ ቃል አልችልም፤ ልጅ ነሽ። ያስፋቁት እናትሽ ናቸው። ተሳስቻለሁ ብለው እሳቸው ራሳቸው መጥተው ይፈርሙ። ያኔ ማኅተሜን አነሣለሁ።»

«ትመጣለች፤ መልእክት ልኬባታለሁ።»

«ቢቀሩስ?»

«ነገም እመጣለሁ።»

ሴትዮዋ ትከሻቸውን ነቀነቁ። መዝገቡን ግን ወደ መደርደሪያው አልመለሱትም፤ ገጹ ላይ እርሳስ ጣል አድርገው ጎናቸው አስቀመጡት። «ቀጣይ!» አሉ።

ምላጭ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሦስት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ይላል። ከሩቅ፣ ከአደባባዩ በኩል፣ የማርሽ ባንድና የጭብጨባ ድምፅ ይሰማል። ወንበሩ እየሞላ ሄደ። አንድ ጎልማሳ ሰው ፋይል ታቅፎ መጣና ከአጠገቧ ያለችውን ክፍት ቦታ አይቶ ጎንበስ አለ።

«ሰው አለው?»

ምላጭ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ቦታው ላይ አስቀመጠች።

«አለው» አለች።