በሩ ሳይዘጋ የተነሣው ቅርጫት

ደሴ የሞተው ታኅሣሥ ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከአሸተን ማርያም ማዶ ካለው ገደል ሥር የገብስ ጆንያ ሲጭንበት የነበረው የብረት ቅርጫት ድንገት ተነሣ። አንድ እግሩ ቅርጫቱ ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ ነበር። ጠርዙን ይዞ ተንጠለጠለ፤ ሃያ ሜትር ያህል ከወጣ በኋላ እጁ ከዳው። ሰው ሲደርስ ቅርጫቱ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ገደሉ አናት ላይ ቆሞ ነበር።

ግራ ያጋባውም በሩ ነው። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የገመድ ማንሻ ገደሉ ላይ ላለችው ጎጥ እህልና ሲሚንቶ ያመላልሳል፤ የሚታዘዘው ለአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን በሩ ካልተዘጋ አይነቃነቅም። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላጭበረበረም። አገሩ ሁሉ ይህን ስላመነ ከላይ ሆነው የሚያስነሡት ሽማግሌ፣ አባባ አረጋ፣ ማስነሻውን በጣት መጫን ከተዉ ቆይተዋል። ጠዋት ድንጋይ ይጭኑበትና ጸሎታቸውን ይቀጥላሉ። ታች ያለው ሰው በሩን ሲዘጋ ቅርጫቱ ራሱ ይመጣል። ሰው ማሽንን አንዴ ካመነ ከንስሐ አባቱ በላይ ያምነዋል።

ሳጅን አለሜ ጉዳዩን በሁለት ቀን ዘጋው። የማሽኑን ፕሮግራም የጻፈችውን ማኅሌትን፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ በቸልተኝነት ሰው ገድለሻል ብሎ አሰራት። የደሴ ሚስት ገለቴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ስሟን እየጠራች ረገመቻት። ቅዳሜ ወደ ወልድያ ማረሚያ ቤት ልትወሰድ ተወስኗል። ኢንስፔክተር ነጅሚያ ሐሙስ ከወልድያ ስትመጣ የተነገራት ወረቀቱን አይታ እንድትፈርም ብቻ ነበር። ነጅሚያ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት፤ ሳታይ አትፈርምም።

መጀመሪያ የሄደችው ላሊበላ ከተማ ወዳለው ወርክሾፕ ነው። ማንሻውን የሠራው፣ ደሴንም በጫኝነት የቀጠረው ይህ ቤት ሲሆን ባለቤቱ አቶ ደሳለ የተማረ፣ ትሑት፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። በሩ ላይ የጥሪ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማንሻው ታኅሣሥ 15፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 24 ቀን፣ እንግዶች በተገኙበት እንደሚመረቅ ይናገራል። ነጅሚያ ቆማ አነበበችው። ደሳለ ምርቃቱ ካማረ ዘጠኝ ቀበሌ ተመሳሳይ ማንሻ እንደሚያዝዝ በሐዘን ድምፅ ነገራት።

«ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ችኩል ናት» አለ። «አዩ፣ ኮምፓይለር የምንለው ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ስናዝዘው ከትእዛዙ ጎን አማራጭ እንጨምራለን። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ሞተር ስንሞክር የቅርጫት በር የለንም። ስለዚህ ማኅሌት ‹ጠረጴዛ› የሚል አማራጭ አበጀች። እሱ ከተጨመረ ኮምፓይለሩ በሩን የሚጠይቀውን ክፍል ይዘለዋል።»

«ጽሑፉ ሳይነካ?»

«አንዲት ፊደል ሳትነካ። ልዩነቱ ትእዛዙ ላይ ነው።»

«አንዱን አተር ለወፍጮው ለክክ ነው ካሉት ክክ፣ ለሽሮ ነው ካሉት ሽሮ ይሆናል እንደማለት ነው» አለች ነጅሚያ።

ደሳለ ምሳሌውን ወደደው። ከዚያ ደሴ በሞተበት ቀን ማንሻው ላይ የነበረችውን ካርድ አመጣላት፤ ፕሮግራሙ የሚጫንባት ጥፍር የምታህል ካርድ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሰክቶ ሲያስነሣት ሞተሩ በር የሚባል ነገር ሳይጠይቅ ዞረ። ካርዷ የተሠራችበትን ቀንም በስክሪኑ ላይ አወጣች።

«ዲሴምበር አንድ» አለ ደሳለ። «ኅዳር ሃያ ሁለት ማለት ነው። የዚያን ቀን ብቻዋን ገብታ ሠርታለች፤ ደብተሩን ይዩት።»

በዚህ ቤት አንድ ደንብ አለ። መብራት በየሰዓቱ ስለሚጠፋና ስክሪኑ የያዘውን ይዞ ስለሚጨልም፣ ማንም ሰው ለኮምፓይለሩ የሰጠውን ትእዛዝ ከነአማራጩ በእጁ ደብተር ላይ ያሰፍራል። የኅዳር ሃያ ሁለቱ መስመር በማኅሌት እጅ ተጽፏል፤ «ጠረጴዛ» የሚለው ግን የለበትም። ከእሱ በላይ ያለው መስመር የኅዳር ሃያ ነው። ደሳለ ሰው ስሕተቱን አይጽፍም አለ። አብሯት የመጣው ሳጅን አለሜም የካርዷን ቀን ያተመበትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ሟቹ ስለ ማንሻው ያነሣው ቅሬታ ነበር?» አለች ነጅሚያ ልትወጣ ስትል።

«ምንም» አለ ደሳለ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሂሻም ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከደሴ ጋር በሽቦ ጉዳይ ተጣልተው እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ። ማኅሌት ኅዳር ሃያ ሁለት ያዘጋጀችው አዲስ ካርድ ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ሲጠብቅ ቆይቶ አስቀድሞ በተቆረጠለት ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ወስዶ ማንሻው ላይ የሰካው እሱ ነው። መሳቢያው አይቆለፍም።

«ስትሰካው አልሞከርከውም?»

«በሩን ዘግቼ አስነሣሁት፣ ሠራ። ከፍቼ መሞከር ወላሂ በልቤ አልመጣም።»

አባባ አረጋን ያገኘቻቸው ገደሉ አናት ላይ ነው። ሰውዬው አምስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም ይባላል። ድንጋዩን አሳዩዋት፤ ማንም ሳያነሣው እዚያው ተቀምጧል። ዓርብ ዕለት ደሴ መጥቶ ጫፉ ላይ ገመዱን ሲመረምር እንደዋለና የብረቱ ክሮች እየተበጠሱ መሆኑን እንደነገራቸው አወጉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሽማግሌዎች ነግሮ ማንሻውን ሊያስቆም ቆርጦ ነበር።

«ለሌላ ሰውስ ነግሮ ነበር አባባ?»

«ሐሙስ ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ ብሎኛል ልጄ። ዝም በል አለኝ ብሎ አዝኖ ነበር።»

ነጅሚያ ማኅሌትን ያነጋገረቻት ዓርብ፣ በፖሊስ ጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅቷ ቀና አትልም። ያስፈራው ነገር ራሷን መከላከል መተዋ ነበር። መጀመሪያ አማራጩን እንዳልጨመረች እርግጠኛ ነበረች፤ ሳጅኑ ካርዱ ኅዳር ሃያ ሁለት መሠራቱን ማሽኑ ራሱ መስክሯል ካላት ወዲህ ግን የገዛ እጇን መጠራጠር ጀምራለች።

«ደሴን የገደልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች። «አማራጩን የፈጠርኩትም እኔው ነኝ።»

«በፈረንጅ ስንት ቀን እንደሚል አሳይተውሻል?»

«አላሳዩኝም። ኅዳር ሃያ ሁለት ነው አሉኝ።»

«በዋዜማው፣ ኅዳር ሃያ አንድ፣ የት ነበርሽ?»

«ማርያም አይደለች? አሸተን ነበርኩ። አገሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ወርክሾፑም ተዘግቶ ውሏል።»

«ላፕቶፕ ቀኑን ከየት ያውቃል?»

«ኢንተርኔት ካለ ከዚያ። ከሌለ እኛ እንሞላለታለን። ካርዱ ላይ የሚጻፈውም ላፕቶፑ የነገረው ቀን ነው።»

ነጅሚያ ያደገችው ሦስት የቀን መቁጠሪያ በተሰቀለበት ቤት ነው፤ የአባቷ የሂጅራ፣ የጎረቤቱ የአበሻ፣ የትምህርት ቤቱ የፈረንጅ። ከጣቢያው ስትወጣ በጣቷ ቆጠረች፤ አንዴ አይበቃም ብላ ደገመችው። ከዚያ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ሁሉም ወርክሾፑ እንዲገኙ አዘዘች።

ደሳለ፣ ሂሻም፣ አባባ አረጋና ገለቴ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ማኅሌት በሳጅኑ አጠገብ፣ እጇ በካቴና እንደታሰረ ቆመች፤ ወደ ወልድያ የሚወስዳት መኪና ደጅ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ገለቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነጅሚያ የሁሉንም ስልክ ሰብስባ ኮምፒውተር ለሚሠሩት ለሦስቱ ብጣሽ ወረቀት ሰጠች። ኅዳር ሃያ ሁለት በፈረንጅ ስንት እንደሆነ እንዲጽፉ ጠየቀች።

ደሳለ ወዲያው ጻፈ። ሂሻም ትንሽ አሰበ። ማኅሌት በታሰረ እጇ እርሳሱን ይዛ በከንፈሯ ስትቆጥር ቆየችና ድንገት ቀጥ አለች። ጻፈች፤ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወረደ።

ነጅሚያ አነበበች። ሂሻም ዲሴምበር ሁለት፣ ማኅሌት ዲሴምበር ሁለት፣ ደሳለ ዲሴምበር አንድ።

«በሌላ ዓመት ቢሆን ልክ ነበሩ አቶ ደሳለ» አለች። «ያለፈው ዓመት ግን ጳጉሜው ስድስት ነበር። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን እንቁጣጣሽ በፈረንጅ በሴፕቴምበር አሥራ አንድ ፋንታ አሥራ ሁለት ላይ ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። ዘንድሮ ዲሴምበር አንድ የዋለው ኅዳር ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን ነው።»

«የአንድ ቀን ስሕተት ነው። ማንም ይሳሳታል።»

«ሰው ይሳሳታል፤ ማሽን ግን የተነገረውን ነው የሚጽፈው። ማኅሌት በሃያ ሁለት የሠራችው ካርድ ዲሴምበር ሁለት ማለት ነበረበት። ይህ ካርድ ዲሴምበር አንድ ይላል። የዚያን ቀን እሷ አሸተን ነበረች፤ ይህም ቤት ዝግ ነበር። ስለዚህ ይህ የእሷ ካርድ አይደለም። አንድ ሰው የላፕቶፑን ቀን ወደ ኋላ መልሶ፣ ‹ጠረጴዛ›ን ጨምሮ ሌላ ሠርቶ፣ መሳቢያው ውስጥ ቀይሮታል። ሥራው የእሷ እንዲመስል ኅዳር ሃያ ሁለትን ፈለገ፤ ሲመነዝረው ግን ዲሴምበር አንድ አለው። ያው ሰው የምርቃቱን ጥሪ ሲጽፍ ታኅሣሥ 15ን ዲሴምበር 24 ብሎታል። ዘንድሮ 25 ነው።»

ሂሻም ወደ በሩ ዞሮ ጥሪውን አየ። ሳጅን አለሜ ወረቀቱን አጣጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ።

«ይህ ማስረጃ አይደለም» አለ ደሳለ።

«ልክ ነዎት። ሳጅን፣ ልጅቷን ፍታት። ማኅሌት፣ የአቶ ደሳለ ላፕቶፕ ቀኑ የተቀየረበትን ይመዘግብ እንደሆነ እይልን።»

ማኅሌት የእጇን አንጓ እያሻሸች ተቀመጠች። ሁለት ሦስት ትእዛዝ ጽፋ ጮክ ብላ አነበበች፤ ሐሙስ ታኅሣሥ አራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑ ወደ ዲሴምበር አንድ ተመለሰ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወደ ቦታው ገባ። ደሴ ስለ ገመዱ ለአለቃው በነገረበት ቀን ማለት ነው።

«ዘወትር ቅዳሜ ማለዳ የሚጭነው ደሴ ነው» አለች ነጅሚያ። «የአባባ አረጋንም ልማድ የማያውቅ የለም። ለመግደል እጅ አላስፈለገዎትም።»

«አሥር ቀን ዝም በለኝ ብዬ ለመንኩት» አለ ደሳለ። «ከምርቃቱ በኋላ ገመዱን እቀይረው ነበር። አሥር ቀን ብቻ።»

ለማኅሌት የተዘጋጀው መኪና ደሳለን ጭኖ ሄደ። አባባ አረጋ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ነጅሚያ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

ገለቴ ከግድግዳው ዞረች። መጥታ ማኅሌት ፊት ቆመች።

«ስምሽን በማርያም ደጅ ረግሜዋለሁ» አለች።

«ሰምቻለሁ እትዬ ገለቴ።»

«ገመዱ ግን እውነት ይበጠስ ነበር?»

«እውነቱን ነው። እኔ ፕሮግራሙን እንጂ ገመዱን አንድም ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። እሱ ነው ያየው።»

ገለቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ነገ እሑድ ነው» አለች። «ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣሉ። እኔ ልቅሶ ይቀድመኛል፤ ሊናገር የነበረውን አንቺ ተናገሪለት። እርግማኔንም እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አነሣልሻለሁ።»