ምሰሶው ላይ የተቀረጸው ስም

የቅርስ ባለሙያው አቶ ዓለምነህ የስልካቸውን መብራት ምሰሶው ላይ አብርተው ጎንበስ ሲሉ የሰብለ ወንጌል እጅ መዝገቡ ላይ ቀጥ አለ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ስም በልጅ እጅ እንደተጻፈ ተንጋዶ፣ ጥላሸት ጠጥቶ ይታያል። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ሲለኩ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ቤቱ ቁሐር ሚካኤል ያለ የጭቃ ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱ ያደጉት እዚህ ነው፤ ዛሬ ዘመዶቻቸው፣ የጓደኛዋ የአገኘሁሽ ቤተሰቦች፣ ይኖሩበታል። አዲሱ መንገድ በላዩ እንዲያልፍ ተቀይሷል። ከባሕር ዳር የመጡት ባለሙያ ቅርስ ብለው ከመዘገቡት መንገዱ ይዞራል፤ ካልመዘገቡት ከፋሲካ በፊት ይፈርሳል። ሰብለ ወንጌል የትምህርት ቤቱ የቅርስ ክበብ ጸሐፊ ስለሆነች የሚባለውን ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት።

ጠዋት አገኘሁሽ ወደ ጓሮ ጎትታ ወስዳ ነግራታለች። ስሙን የቀረጸችው እሷ ናት፤ በቢላ ጀምራ በሚስማር ጨረሰችው፤ ከዚያ ከምድጃው ጥላሸት ፍቃ ቀባችው። ሰብለ ወንጌል ስትደነግጥ ሳቀችባት።

«አታካብጂ ባክሽ። ቤቱ የሳቸው መሆኑ ውሸት ነው እንዴ? ምልክት ነው የጎደለው።»

ውሸትስ አልነበረም። ነገር ግን አገኘሁሽ አንድ ነገር አታውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት፣ እሷ ይፋግ አክስቷ ዘንድ ሳለች፣ ጎርፉ ቤት ድረስ ገብቶ ሰነበተና የድሮው ምሰሶ ከሥሩ በሰበሰ። አዲሱን ባሕር ዛፍ ከገዛ ጓሮው ቆርጦ ያቆመው የሰብለ ወንጌል አባት ነው። ሲያቆመው ገመዱን የያዘችለት ራሷ ሰብለ ወንጌል ናት። ያ ዛፍ ፕሬዚዳንቱ ልጅ በነበሩበት ዘመን ገና አልተተከለም ነበር።

ባለሙያው ጥፍራቸውን እንጨቱ ላይ ሲጭሩ ሰብለ ወንጌል የሚመጣው ሁሉ ታያት። ይነቁበታል። መኪናቸውን አስነስተው ይሄዳሉ። ከዚያ ግሬደሩ ይመጣል፤ የአገኘሁሽ እናት እትዬ ሸዋነሽ ፍራሻቸውን ተሸክመው ደጅ ይቆማሉ።

ባለሙያው ግን ወደ በሩ ዞሩ። ፕሬዚዳንቱን ፊደል ያስቆጠሩት ሽማግሌው ካህን የኔታ ውባየሁ እዚያ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ማለዳ የሰጡት ምስክርነት መዝገቡ ላይ ሦስት ገጽ ይዟል።

«የኔታ፣ ይህን ጽሑፍ ያውቁታል?»

የኔታ ተደግፈው ተነሡና ምሰሶውን በጣታቸው ዳበሱት። «ዓይኔ ከድቶኛል ልጄ። ልጆቹ ጻፈ ካሉ ጽፏል» አሉ።

«እንግዲያው ጻፊ» አሏት ባለሙያው። «መምህሩ ጽሑፉን አረጋግጠዋል።»

ሰብለ ወንጌል ቀና አለች። ከእናቷ ኋላ የቆመችው አገኘሁሽ በዓይኗ ትለምናታለች። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ይህ ከተጻፈ በኋላ ቢነቃበት ውሸታሙ እሳቸው ይሆናሉ፤ ያ ሦስት ገጽ እውነትም አብሮ ይጣላል። ካልጻፈችውስ?

«ጋሼ፣ ይህን በየኔታ ስም አልጽፍም» አለች ቀስ ብላ። «ምሰሶው ከኛ ጓሮ የመጣ ነው።»

አገኘሁሽ እናቷን ገፋ አድርጋ ወጣች፤ ዞራ እንኳ አላየቻትም። ሰብለ ወንጌል ተከትላት ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሣች። ከዚያ መልሳ አሳረፈችው።

«ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለች። «ከጎርፉ ጀምሬ ልንገርዎ።»