ከተዘጋው ጓሳ የቆረጥሁት ሣር

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም። በገዛ እጄ የሠራሁትን፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

ሠላሳ ዓመት ግብረ ገብ አስተምሬአለሁ። እውነቱን ያልተናገረ ተማሪ ገሥጫለሁ፤ ቀጥቻለሁም።

እኔ ግን መናገር በሚገባኝ ሰዓት አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ።

መጋቢት 1931 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው መንዝ፣ ጓሳ ከሚባለው የሣር መሬት አጠገብ ያለ ሜዳ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ጉም ግን ነበረ...

በዚያ ዘመን ቤልቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነጋዴ የበግ ፀጉር ሊገዛ በግል አውሮፕላኑ ወደዚያ ሜዳ ይመላለስ ነበር። አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፤ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም። እኔ ከወረራው በፊት አዲስ አበባ የሞተር ሥራ ተምሬ ስለ ነበር፣ ጣሊያኖቹ ሞላሌ ከተማ ላይ ይዘው አመጡኝና ጠጋኟ አደረጉኝ። ካንዴላ እጠርጋለሁ፤ ካርቡራቶር አጸዳለሁ፤ ከአብራሪው እጅ ተነሥተው ሞተሩ ድረስ የሚሄዱትን ዘንጎችና ሽቦዎች እፈትሻለሁ።

ከዘንጎቹ አንዱ ለሞተሩ ነዳጅ የሚያበዛውና የሚያሳንሰው ነው። ጫፉን ከካርቡራቶሩ ጋር የሚያያይዘው አንድ ቀጭን የብረት ቁራጭ ነው፤ ጣሊያኖቹ ኮፒሊያ ይሉታል። በቀዳዳው ካለፈ በኋላ ሁለቱ እግሮቹ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ።

እኔ በልጅነቴ አውራ ጣቴ ስለ ተሰበረ ሁለቱንም እግሮች ወደ አንድ ጎን ነበር የማጥፋቸው። ቤልቲ ይህን እያየ ይስቅብኝ ነበር። ፊርማህ ነው ይለኛል።

ይህን አትርሱብኝ።

ቤልቲ ነጋዴ ይሁን እንጂ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ ነበር የሚበረው። ከሰማይ ያየውን ጭስ ሁሉ ለጦር ሰፈሩ ይናገራል። እኅቴ አረጋሽ ባሏ ከአርበኞች ጋር ስለ ነበር ከሦስት ልጆቿ ጋር ከአንድ ገደል ሥር ዋሻ ውስጥ ተደብቃለች። ማክሰኞ ዕለት ኩበት ሻጭ መስላ ወደ ሜዳው መጣች።

«ያቺ ነገር ትናንት ሁለት ጊዜ ከላያችን ዞረች» አለች በሹክሹክታ።

«አየቻችሁ?»

«ጭሱን ሳታይ አልቀረችም። ተመልሳ ከመጣች አልቀናል፣ ወንድምዓለም።»

«ሐሙስ ትነሣለች፣ እቴ።»

ኩበቷን ከፊቴ አራገፈች።

«እንግዲያስ አታስነሣት።»

ኮፒሊያውን እንዲያው ባወጣው ቤልቲ ያውቃል፤ ከመነሣቱ በፊት ዘንጎቹን በእጁ ሳይነቀንቅ አይሳፈርም። በቦታው ብረት የሚመስል፣ ለጊዜውም የሚይዝ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

የጓሳ ሣር ትዝ አለኝ።

የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱንም የሚገምደው በዚህ ሣር ነው። እርጥቡን ገምደው ቢያስሩት ጠብቆ ይይዛል፤ ሞተር ሲያግለውና ሲያንቀጠቅጠው ግን ቀስ በቀስ ይበጠሳል። በሞተር ቅባት፣ በግራሶ፣ ካጠቆርሁት ጣሊያን አይለየውም። ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ ቤልቲ ሜዳ ላይ ያርፋል፤ ማንም አይሞትም... ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

ጓሳው ግን ያን ዓመት ተዘግቶ ነበር። ሽማግሌዎች ከዘጉት እነርሱው እስኪከፍቱት ድረስ አንዲት ዘለላ አትቆረጥም። ጠላት አገሩን ቢይዝም ይህ ሥርዓት አልተሻረም።

ረቡዕ ጧት አንድ ጭብጥ ቆረጥሁ። ቀና ስል የጓሳው ጠባቂ አባ ወዳጆ የበግ ፀጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ የናስ ቀለበት ያለበትን በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«ዕድሜህ ስንት ነው፣ አንተ?»

«ሃያ ሦስት፣ አባቴ።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጓሳ ሲዘጋ ምን ማለት እንደ ሆነ አልነገሩህም? ወይስ የጣሊያን እንጀራ ያስረሳል?»

«አንድ ጭብጥ ብቻ ነው...»

«አንድም ይሁን መቶ፣ ከቆረጥህበት ትመልሰዋለህ። እስክትመልሰው እዚሁ እጠብቅሃለሁ።»

አልመለስሁም። ማምሻውን ኮፒሊያውን አውጥቼ ከደረት ኪሴ ከተትሁ፤ በቦታው ሣሩን አሰርሁ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤልቲ መጣ። ዘንጎቹን ነቀነቀ፤ ረካ።

ከኋላው ሁለት ወታደሮች አባ ወዳጆን አመጡ። ዋሻውን ሁሉ ስለሚያውቁ ከላይ ሆነው እንዲያሳዩ ታዘው ነበር። በትራቸውን አልሰጥም ብለው ይዘውት ቀረቡ።

የሞተሩ ክዳን ገና አልተዘጋም። ሲያልፉ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ቆሙ...

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ሣር የጠበቁ ሰው ናቸው። ግራሶ አላታለላቸውም።

«ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያ ሣር የት አለ?»

ዝም አልሁ።

«ለምን ቆረጠው እያልሁ ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ።»

ዝም አልሁ።

ብናገር እሰቀላለሁ፤ የእኅቴም ልጆች ያልቃሉ። ይህን ለዓመታት ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ሌላ መንገድ ነበረ። ነዳጁ ውኃ ገብቶበታል፣ ዛሬ አትነሣም ማለት ይቻል ነበር። ጠጋኝ ሁሉ በየቀኑ የሚለው ነገር ነው። አልታሰበኝም እንዳልል፣ ታስቦኝ ነበር።

ፈራሁ።

አባ ወዳጆ ለማንም ምንም አልተናገሩም። ተሳፈሩ። ክዳኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አውሮፕላኗ ተነሥታ ጉሙ ውስጥ ገባች። ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። የምትወድቅበትን ድምፅ ጠበቅሁ።

አልመጣም።

ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከላያችን ይዞር ጀመር። አይርቅም፤ አይቀርብም። ነዳጁ ከሁለት ሰዓት በላይ እንደማያስኬድ አውቃለሁ፤ የሞላሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ... አሥራ ሁለት ሆነ... ይዞራል። ወታደሮቹ ማንጋጠጡን ትተው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አንዱ ቆቡን አወለቀ።

ዓርብ ጧት ድምፁ የለም።

ቅዳሜ ጉሙ ሲገፈፍ አገኘናት። ከተዘጋው ጓሳ መካከል በጎማዋ ቆማለች። ክንፏ አልተጫረም። በዙሪያዋ ያለው ሣር አንድም አልተኛም፤ ጎማ የሄደበት ዱካ የለም።

ቤልቲ ከመቀመጫው ላይ ነበር። ሰውነቱ ላይ ቁስል የለም። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እጁ የነዳጁን እጀታ እንደ ያዘ ደርቋል።

የአባ ወዳጆ ወንበር ባዶ ነው። መታጠቂያው ግን እንደ ተቆለፈ ነበር። በትራቸውም የለም።

የጦር ሰፈሩ መኰንን ሞተሩን መርምር አለኝ። ክዳኑን አነሣሁ...

ዘንጉ ታስሯል። በብረት ኮፒሊያ።

ሁለቱም እግሮቹ ወደ አንድ ጎን ታጥፈዋል።

እጄን ቀስ ብዬ ወደ ደረት ኪሴ ላክሁ። ብረት አልነበረም። በግራሶ የጠቆረ፣ የተገመደ ሣር ነው።

እርጥብ ነበረ።

ሞተሩ ጉድለት የለበትም ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ዳንሁ። የእኅቴ ልጆች አድገው ወልደዋል። ሣር መቁረጤን ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ዝም ማለቴን ግን ደብቄአለሁ።

ሣሩን በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጥሁት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አልደረቀም።

ባለፈው መጋቢት ሣጥኑን ይዤ፣ በዚህ ዕድሜዬ በበቅሎ ጓሳ ወጣሁ። ሐሙስ ነበር። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ጉሙም ወርዷል።

ቦታውን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ሣሩ ሁሉ ጉልበት ይደርሳል። ከመካከሉ አንድ ጭብጥ የሚያህል ብቻ ተቆርጧል። በጣቴ ነካሁት። የተቆረጠበት ገና ውኃ ያዘለ ነበር፤ ልክ ዛሬ ጧት የተቆረጠ ይመስላል።

ከላዬ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ዝቅ ያለ ድምፅ...

ተንበረከክሁ። ሣሩን ከሣጥኑ አውጥቼ ከቆረጥሁበት ላይ አኖርሁት።

«መለስሁት፣ አባቴ» አልሁ። «ያን ዕለት ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

ድምፁ ቆመ።

ቀና ስል አጠገቤ አንድ በትር መሬት ላይ ተተክሏል። ስንበረከክ አልነበረም። የናስ ቀለበት አለው።

በዙሪያው ሰው የለም። የሚነቃነቅ ሣርም የለም።

እጄን ዘርግቼ በትሩን ያዝሁት።

መያዣው ሞቅ ያለ ነበር።